የነዳፊው የሥራ ገበታ፦ የካድ ስክሪንን ለእጅ የማሰናዳት ጉዳይ ሲዳሰስ

ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ እግሩ መርገጫውን ሳያይ ያገኘዋል። መወርወሪያው ከቀኝ እጅ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ ዓይኑ ከጥለቱ አይነሳም። ዕቃው ሁሉ በክንዱ ርዝመት፣ በቁመቱና በልማዱ ልክ ስለተሰናዳ ሐሳቡ ሥራው ላይ ነው። መሣሪያውን የሚያስታውሰው ክር ሲበጠስ ብቻ ነው።

በኮምፒውተር ፕላን የሚነድፍ ባለሙያ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ባሰናዳለት ገበታ ላይ ይቀመጣል። ሶፍትዌሩ በተጫነ ቀን አይከኖቹ የተደረደሩበት ቦታ ዓመት ሁለት ዓመት ሳይነካ ይቆያል። ግድግዳ ባሰመረ ቁጥር ማውሱ ወደ ስክሪኑ ጫፍ ይወጣል፣ ትእዛዙን ይጫናል፣ ወደ ሥራው ተመልሶ ይወርዳል። አንዱ ጉዞ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ከጧት እስከ ማታ ሲደጋገም ግን ጊዜን ይበላል፣ ሐሳብን ይበትናል፣ የእጅ አንጓንም ያደክማል።

ይህ ዳሰሳ የካድ (በኮምፒውተር የመንደፊያ) ሶፍትዌሮችን፣ በተለይም በአገራችን ነዳፊዎች ዘንድ በደንብ የሚታወቀውን አውቶካድን ይመለከታል። ስክሪናቸውን እንደ ተጠቃሚው ፍላጎት ማሰናዳት የሚቻለው እስከ ምን ድረስ ነው? ይህ ዕድል እንዴት መጣ? ተመራማሪዎች ስለ ጥቅሙና ስለ ጉዳቱ ምን አገኙ? አንድ ነዳፊ ወይም አንድ ቢሮስ ምን ቢያደርግ ይበጀዋል? አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ገበታን ማሰናዳት የሙያው አንድ ክፍል ነው። ጥቅሙ የሚታየው ግን ለውጡ ጥቂት ሲሆን፣ ከተደረገ በኋላ ሲጸናና ለባልደረባም ሲተርፍ ነው።

ከብርሃን ብዕር እስከ ሪበን

ጥያቄው የስክሪን ንድፍ ከተጀመረበት ቀን አንስቶ አለ። አይቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ስኬችፓድን የዶክትሬት ሥራቸው አድርገው አቀረቡ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ቲኤክስ-2 በተባለው ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠው ሰው በአንድ እጁ የብርሃን ብዕር ይዞ ስክሪኑ ላይ ይጠቁማል፤ ሌላው እጁ ቁልፎች በተደረደሩበት ሳጥን ላይ ያርፋል። አንዱ እጅ ቦታውን ያሳያል፣ ሌላው ትእዛዙን ይሰጣል። ከስድሳ ዓመት በኋላም በደንብ የተሰናዳ ገበታ የሚታወቀው በዚሁ የሥራ ክፍፍል ነው።

አውቶካድ በ1982 መጨረሻ ለሕዝብ ሲቀርብ ከስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ በቃላት የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር፣ ከታች ደግሞ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስመር ይዞ ነበር። ዝርዝሩ የሚነበበው ከተራ የጽሑፍ ፋይል በመሆኑ ጽሑፍ ማረም የሚችል ሰው ሁሉ ሜኑውን መለወጥ ይችል ነበር። ዲጂታይዘር የሚባለውን ሰሌዳ የሚጠቀሙ ደግሞ በላዩ ላይ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ ገጽ ያነጥፋሉ፤ እያንዳንዱ አራት ማዕዘን አንድ ትእዛዝ ነው። ቢሮው ከፈለገ ያንን ገጽ ራሱ ስሎ፣ ራሱ አትሞ ይዘረጋዋል። በ1986 አውቶሊስፕ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲጨመር ነዳፊው የትእዛዝ ቦታ ከመቀየር አልፎ አዲስ ትእዛዝ መፍጠር ቻለ።

በ1987 የወጣው ዘጠነኛው እትም ከላይ ወደ ታች የሚዘረጉ ሜኑዎችን አመጣ። በ1997 የወጣው አሥራ አራተኛው እትም ዶስን ሙሉ በሙሉ ትቶ ዊንዶውስን ብቻ ያዘ። አራት አምስት ቱልባር በስክሪኑ ዙሪያ ደርድሮ መሥራት የለመደው ትውልድ የዚህ ዘመን ልጅ ነው። አውቶካድ 2006 ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛው ሜኑውንና ቱልባሩን ከአንድ መስኮት ሆኖ ማስተካከያ ነው። ሁለተኛው የተሰናዳን ስክሪን ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ ሲሆን፣ ወርክስፔስ ይባላል።

ከዚያ ሪበን መጣ። ማይክሮሶፍት በኦፊስ 2007 ያስተዋወቀውን ይህን ሰፊ የትእዛዝ መደብ አውቶካድ 2009 ተቀበለው። ትእዛዞቹ በየርዕሳቸው ስለተመደቡ ለጀማሪው ፈልጎ ማግኘት ቀለለው፤ ነባሩ ነዳፊ ግን እጁ የሚያውቀውን ቦታ አጣ። «ክላሲክ» የተባለው የቀድሞ አደራደር ለጥቂት ዓመታት ከአዲሱ ጎን ቆይቶ አውቶካድ 2015 ላይ ከዝርዝሩ ወጣ። ቤቱ ፈረሰ እንጂ ዕቃው አልጠፋም። ሜኑባር የተባለውን ማስተካከያ 1 ሲያደርጉት የድሮው ሜኑ ይመለሳል፣ ቱልባሮቹ አንድ በአንድ እየተጠሩ ይወጣሉ፣ ሪበኑም በትእዛዝ ይዘጋል። እነዚህን ሦስት ነገሮች አድርጎ ውጤቱን በስም ያስቀመጠ ሰው የቀድሞ ገበታውን መልሶ ያገኛል።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት መስመር ያው መስመር፣ ደረጃም ያው ደረጃ ነው። ስክሪኑን የለወጡት አዲስ ማሽን፣ አዲስ ዊንዶውስና አዲስ የገበያ ልማድ ናቸው። ነዳፊው ገበታውን ራሱ ማሰናዳት ካልቻለ በየጥቂት ዓመቱ ሌሎች ያሰናዱለታል።

አራቱ እርከኖች

በዛሬዎቹ ሶፍትዌሮች ተጠቃሚው ሊለውጠው የሚችለው ነገር በአራት እርከን ሊታይ ይችላል።

የመጀመሪያው እርከን የሚታየውንና የማይታየውን መምረጥ ነው። ፓሌቶችን ማሳየትና መደበቅ፣ የጀርባውን ቀለም መለወጥ፣ ሪበኑን አጥፎ ርዕሶቹን ብቻ ማስቀረት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። አውቶካድ ላይ ኮንትሮልን ከ0 ጋር ሲጫኑ ስክሪኑ ጸድቶ ሥዕሉ ይሰፋል፤ ድጋሚ ሲጫኑ ሁሉም ይመለሳል። ቁመቱ 768 ነጥብ ብቻ በሆነ ላፕቶፕ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዛሬ ስክሪኖች ወደ ጎን ሰፊ፣ ወደ ላይ ግን አጭር ናቸው፤ ሪበን የሚወስደው ደግሞ ያንኑ አጭሩን ቁመት ነው። ስለዚህ ፓሌትን በጎን ማቆምና ሪበንን ማጠፍ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ሁለተኛው እርከን ቦታን መደልደል ነው። ከሪበኑ ውስጥ የማይፈለገውን ማውጣት፣ የሚፈለገውን በአንድ ርዕስ ሥር መሰብሰብ፣ ለፕላን አንድ፣ ለሥሪ ዲ ሌላ ወርክስፔስ ማዘጋጀት ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ለውጡ በራሱ እንዲቀመጥ ወይም እንዳይቀመጥ የሚወስን ምርጫ አለ፤ እንዳይቀመጥ ከተባለ የተደከመበት ድርደራ ሌላ ወርክስፔስ ተከፍቶ ሲመለሱ አይገኝም።

ሦስተኛው እርከን የእጅ ነው፤ ትልቁም ትርፍ ያለው እዚህ ይመስለኛል። አውቶካድ የትእዛዞችን አጭር ስም የሚያነበው ፒጂፒ ከሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። አንድ መስመር አንድ ስምምነት ነው፦ ኤል መስመር፣ ሲ ክብ፣ ኢ ማጥፋት። ማውሱን በቀኝ እጁ የያዘ ሰው ግራ እጁ የሚያርፈው በኪቦርዱ ግራ ክፍል ላይ ነው። ኢ፣ ኤክስ፣ ኤስ፣ ኤፍ የሚባሉት ፊደላት እዚያው ናቸው። ኤል፣ ኤም እና ኦ ግን በቀኝ በኩል ስለሆኑ ግራ እጅ ኪቦርዱን አቋርጦ ይሄዳል፤ ወይም ቀኝ እጅ ማውሱን ይለቃል። እጅግ ተደጋጋሚ የሆኑትን አምስት ስድስት ትእዛዞች ወደ ግራው ክፍል ማምጣት፣ ለምሳሌ ኦፍሴትን ኤፍ ሁለቴ በመጫን እንዲጀምር ማድረግ፣ የደቂቃዎች ሥራ ነው። በግራ እጁ ማውስ የሚይዝ ነዳፊ ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ያደርጋል። በፋይሉ ውስጥ አንድ አጭር ስም ሁለት ጊዜ ከተጻፈ የሚሠራው የኋለኛው ነው። ስለዚህ ነባሩን ሳይነኩ የራስን ለውጥ ከፋይሉ መጨረሻ መጻፍ ይበቃል፤ ያልተወደደ ቀን መስመሩን መሰረዝ ነው።

የማውሱ ቀኝ ቁልፍም የዚሁ እርከን ነው። አውቶካድ ጊዜን እንዲለይ ሊታዘዝ ይችላል፦ ቁልፉ በፍጥነት ተነክቶ ሲለቀቅ እንደ ኢንተር ይቆጠራል፣ ረዘም ላለ ጊዜ ሲያዝ ሜኑ ይከፍታል። ድንበሩ ሳይለወጥ 250 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ሩብ ሰከንድ ነው። ከሌሎቹ የካድ ሶፍትዌሮች ሶሊድወርክስ የኤስ ቁልፍ ሲነካ ማውሱ ባለበት ቦታ ትንሽ ቱልባር ይከፍታል፤ ቀኝ ቁልፍ ተይዞ ማውሱ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሳብ ደግሞ ለዚያ አቅጣጫ የተመደበው ትእዛዝ ይሠራል። ራይኖ የማውሱን መካከለኛ ቁልፍ ለተጠቃሚው ምርጥ ትእዛዞች ይሰጣል። ሬቪት ላይ ኬ ኤስ ሲጻፍ አቋራጮቹን ማስተካከያው ይከፈታል።

አራተኛው እርከን ትእዛዝ መፍጠር ነው። ሁለት ሦስት ትእዛዞችን በማክሮ አያይዞ በአንድ አይከን ሥር ማዋል፣ በአውቶሊስፕ አዲስ ሥራ መጻፍ፣ የቢሮውን በርና መስኮት ብሎኮች ከነላየራቸው በቱል ፓሌት ላይ መደርደር እዚህ ይመደባሉ። ከዚህ ላይ ገበታ ማሰናዳት የቢሮን የአሠራር ደንብ ከመጻፍ ጋር ይገናኛል። በሩን ከፓሌቱ የሳበ ሰው ላየሩን አይሳሳትም።

ተመራማሪዎች ምን አገኙ?

አንደኛው ሐሳብ የርቀትና የመጠን ነው። ፖል ፊትስ በ1954 እንዳሳዩት እጅ አንድ ዒላማ ላይ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ዒላማው ሲርቅና ሲያንስ ይጨምራል። የትንሽ አይከን ከሥራው ቦታ መራቅ ከሁለቱም ወገን ያስቀጣል። ትእዛዝን ወደ ማውሱ ማምጣት፣ እንደ ሶሊድወርክስና ራይኖ፣ ከዚህ ሐሳብ ጋር ይስማማል።

ሁለተኛው የትዝታ ነው። ጎርደን ከርተንባክና ቢል ባክስተን በ1990ዎቹ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ማርኪንግ ሜኑ በተባለው ሥራቸው ትእዛዞችን በክብ ደረደሯቸው። ጀማሪው ሜኑው እስኪወጣለት ጠብቆ ያነባል። የለመደው ደግሞ ሳይጠብቅ እጁን ወደ አቅጣጫው ይጥላል። ሁለቱም የሚያደርጉት እንቅስቃሴ አንድ ዓይነት በመሆኑ እያንዳንዱ የጀማሪነት ቀን ለባለሙያነት ልምምድ ይሆናል። ሐሳቡ ማያ፣ ኋላም ኢንቬንተር በተባሉት ሶፍትዌሮች ውስጥ ሥራ ላይ ውሏል። አሠራሩ የሚጸናው ግን ትእዛዙ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ሲገኝ ነው፤ ዛሬ ከላይ፣ ነገ ከጎን ከሆነ እጅ የሚይዘው ነገር የለም።

ሦስተኛው ሐሳብ «ሶፍትዌሩ ራሱ ያሰናዳልን» የሚል ነው። ማይክሮሶፍት በኦፊስ 2000 ብዙ ያልተነኩ ትእዛዞችን ከሜኑ የሚደብቅ አሠራር ሞክሮ ነበር። ሜኑው በየጊዜው መልኩን ስለሚቀይር ተጠቃሚው ፍለጋ ገባ፤ አሠራሩም በኦፊስ 2007 ቀረ። አውቶካድ 2023 የመረጠው መንገድ የተሻለ ነው። የተጠቃሚውን ልማድ አይቶ የሚጠቅም ማክሮ ይመክራል እንጂ ገበታውን በራሱ እጅ አይነካም። ማሽን ይምከር፤ ቦታ መቀየር ግን ለባለቤቱ ይተው።

አራተኛው ሐሳብ ለእኛ ለገበታ ወዳጆች ማስጠንቀቂያ ነው። ሱሬሽ ባቭናኒና ቦኒ ጆን በ2000 ባሳተሙት ሥራ ልምድ ያላቸው የካድ ተጠቃሚዎች እንኳ ትእዛዞቹን በደንብ እያወቁ አድካሚውን መንገድ እንደሚከተሉ አሳይተዋል። አሥር ተመሳሳይ መስኮት ያለው ሰው አንዱን አሟልቶ፣ በአንድነት አስሮ ማባዛት ሲችል እያንዳንዱን መስመር እየደጋገመ ይስላል። ይህን ሰው የተሻለ አይከን አያድነውም፤ ስህተቱን በፍጥነት እንዲሠራ ያግዘው ይሆናል። ስለዚህ ገበታ ከመሰናዳቱ በፊት አሠራር ይፈተሽ።

የቢሮው አትክልተኛ

ይህ ሁሉ ዕድል እያለ ብዙ ሰው ለምን አይጠቀምበትም? ዌንዲ ማኬይ በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የአቴና ፕሮጀክት 51 ሰዎችን አጥንተው በ1991 ባሳተሙት ሥራ ዋናው እንቅፋት የጊዜ እጦት መሆኑን አግኝተዋል። ሰዎች ገበታቸውን የሚነኩት አንድ ነገር ሲያስገድዳቸው ነው፤ ከሚያስገድዱትም አንዱ የሶፍትዌር መለወጥ ነው። ያኔም ብዙዎቹ አዲሱን እንደ አሮጌው እንዲሠራ ለማድረግ ይጥራሉ። ክላሲኩን መልሶ ለመሥራት የሚደክመው ነዳፊ በዚህ መስታወት ራሱን ያያል። ድካሙም ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ እጁ ያጠራቀመውን ዕውቀት ማዳኑ ነው።

ሚሼል ጋንትና ቦኒ ናርዲ በ1992 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ በቀጥታ የካድ ቢሮዎችን የሚመለከት ነው። በየቢሮው ከሌሎቹ በላይ ሶፍትዌሩን የሚያውቅ፣ ማክሮ የሚጽፍ፣ ለባልደረቦቹ ሜኑ የሚያሰናዳ ሰው እንዳለ አዩ። ሥራው በይፋ ተሰጥቶት፣ የቢሮውን መሣሪያ እየኮተኮተ የሚያሳድገውን ሰው አትክልተኛ አሉት። እንዲህ ያለ ሰው ያለው ቢሮ እያንዳንዱ ነዳፊ ለብቻው ከሚታገልበት ቢሮ ይሻላል።

እኔ ይህን ሰው በዓይኔ አይቼዋለሁ። የሠራሁባቸው ቢሮዎች ሁሉ አንድ አንድ ነበራቸው፤ ባልደረባ ሲጨነቅ የሚጠራ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ቆይቶ ፓሌት የሚያስተካክል። በአንዱ ቢሮ ያ ልጅ ሥራ ሲለቅ ያዘጋጀው ሁሉ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበርና ማሽኑ ታድሶ ለሌላ ሲሰጥ የሦስት ዓመት ድካም አብሮ ጠፋ። ማንም ክፉ አላሰበም። ሥራው ስም ስላልነበረው ማንም አላስረከበውም፣ ማንም አልተረከበውም።

አውቶካድ ለዚህ መፍትሔ አለው። የግል ለውጥ የሚቀመጥበት ዋና ፋይል እንዳለ ሁሉ በቢሮው ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ሁሉም የሚያነቡት፣ ማንም በስህተት የማይለውጠው የድርጅት ፋይል ማዘጋጀት ይቻላል። የቢሮው የጋራ ነገር በዚያ፣ የግለሰቡ ልማድ በራሱ ፋይል ይሆናል። አዲስ እትም ሲመጣ የድሮውን ዋና ፋይል በአዲሱ ላይ መጫን አዲስ ትእዛዞችን ሊሰውር ስለሚችል፣ የራስን ለውጥ ተጨማሪ ሆኖ በሚጫን ትንሽ ፋይል ለይቶ መያዝ ይመረጣል።

በእኛ ገበታ ላይ

ኪቦርዱ ወደ አማርኛ እንደዞረ የረሳ ነዳፊ መስመር ሊስል ኤልን ሲጫን የትእዛዙ መስመር ላይ የግዕዝ ፊደል ይወጣል፤ አውቶካድም አያውቀውም። የፕላኑን ርዕስ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ይገጥመዋል። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ መስኮት የተለየ የኪቦርድ ቋንቋ እንዲያስታውስ ማድረግ ይቻላል፤ ይህን አንድ ጊዜ ያስተካከለ ሰው ከሌላ ሰነድ ወደ ሥዕሉ ሲመለስ ኪቦርዱ በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው ችግር የፊደሉ ነው። የአውቶካድ የቆዩ የኤስኤችኤክስ ፊደላት ግዕዝን ስለማያውቁ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። እንደ ኒያላ ወይም ኢብሪማ ባለ የዊንዶውስ ፊደል የተዘጋጀ የጽሑፍ ስታይል ይዞ፣ ስታይሉን መርጦ ጽሑፍ የሚጀምር አንድ ማክሮ በቱል ፓሌት ላይ ማስቀመጥ ይህን ድካም በአንድ ንክኪ ይጨርሰዋል።

ሌላው ነገር አንድ ነዳፊ በሁለት ሦስት ሶፍትዌር መመላለሱ ነው። ፒ በአውቶካድ ሥዕሉን ማንሸራተት፣ በስኬችአፕ ደግሞ ገጽን ገፍቶ ማሳደግ ነው። ኤም በሁለቱም ማንቀሳቀስ ሲሆን ሬቪት ግን ኤም ቪ ይላል። አቋራጭ ሲመርጡ አንዱን ፕሮግራም ለብቻው ማሳመር ሳይሆን በሁሉም ላይ አንድ ፊደል አንድ ሥራ እንዲይዝ መጣር እጅን ከመምታታት ያድናል።

ተማሪዎች ደግሞ በጋራ ኮምፒውተር ይሠራሉ፤ ዛሬ የተሰናዳው ነገ በሌላ እጅ ተለውጦ ይገኛል። ፕሮፋይሉን፣ አጫጭር ስሞቹንና የስክሪን አደራደሩን የያዙት ፋይሎች በጣም ትንንሽ ስለሆኑ ፍላሽ ላይ ይዞ መዞር ይቻላል። የላቦራቶሪው ደንብ ይህን ካልፈቀደ ሶፍትዌሩ ሲጫን ይዟቸው የሚመጣቸውን አጭር ስሞች በደንብ ማጥናት የተሻለ ነው፤ እነሱ በየትም ማሽን ላይ ይገኛሉ።

ምን ይሻላል?

በዚህ ጉዳይ የሚሰሙት ሁለት አስተያየቶች የሚጋጩ ይመስላሉ። አንዱ ወገን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ልክ ያሰናዳ ይላል፤ ሌላው ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፣ ያለዚያ ባልደረባ በባልደረባው ማሽን መሥራት ያቅተዋል ይላል። ሁለቱም የሚፈሩት ነገር እውነት ነው። የሚያስታርቃቸው እርከኖቹን መለየት ነው። ላየር፣ ብሎክ፣ የጽሑፍ ስታይልና ማክሮ የቢሮው ይሁኑ፤ ሥዕሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ አብረው የሚሄዱ ወይም ውጤቱን የሚወስኑ ናቸውና። የጀርባ ቀለም፣ የፓሌት ቦታና አጭር ስም ለእጁ ባለቤት ይተዉ፤ ሥዕሉ ላይ ምንም አሻራ አይተዉምና።

ለግለሰቡ የምመክረው አካሄድ ይህ ነው። አንድ ሳምንት ምንም ሳይነኩ እየሠሩ እጅ በብዛት የሚሄድበትን መመዝገብ፤ ከተመዘገበው ውስጥ አምስቱን ብቻ ወደ እጅ ማቅረብ፤ አንድ ወር ሳይለውጡ መቆየት። በወሩ መጨረሻ እጅ ሳይታዘዝ የሚሄድበት ይቀመጣል፣ ሌላው ይሰረዛል። በየሳምንቱ ገበታውን የሚያተራምስ ሰው ማንኛውንም ቦታ ለእጁ አያስተምርም።

ቢሮው ደግሞ አትክልተኛውን በስሙ ይጥራ፤ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ይስጠው፤ ሥራውንም በጋራ ቦታ እንዲያስቀምጥ ይጠይቀው። በፒጂፒ ፋይል ውስጥ በእንግሊዝኛው ሰሚኮለን (;) የሚጀምር መስመር ለሰው ብቻ የሚነበብ ማስታወሻ ነው። እያንዳንዱ ለውጥ መቼ፣ በማንና ለምን እንደተደረገ በዚያ አንድ መስመር ይጻፍ። አዲስ የተቀጠረው ልጅ ያንን ፋይል የከፈተ ቀን ከእሱ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጡት ሰዎች እጃቸው የት የት ይደክም እንደነበርና እንዴት እንዳሳረፉት ያነባል፤ ከሥሩም የራሱን መስመር ይጨምራል።